ጥፋቱ የማን ነበር? ርካሽ መሣሪያ፣ ውድ መሣሪያ እና አንድ የትራክተር ሪፐር

## ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ለአነስተኛ ትራክተራቸው የሚሆን ባለ ሦስት እግር ሪፐር (የጠጠረ አፈር የሚሰነጥቅ የእርሻ መሣሪያ) በቤታቸው ለመሥራት ተነሡ። ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። መሣሪያዎቻቸው ከጥቂቶቹ በቀር በርካሽ የተገዙ ስለ ነበሩ ለብልሽቱ ሁሉ ተጠያቂ ያደረጉት እነሱን ነው። ያሉትን በሙሉ አስወግደው በውድ ለመተካት ወስነው የግዢ ዝርዝር አዘጋጁ፤ እኔም የተጠራሁት ዝርዝሩን አይቼ አስተያየት እንድሰጥ ነበር።

ብዙ ዓመት በብረት ሥራ ላይ ያሳለፈ ሰው እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲያይ ይጠራጠራል። «መምህር፣ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ያሉትን እንፈትናቸው» አልኳቸው፤ ተስማሙ። የፈተናው ውጤት «ርካሽ ሁሉ ቆሻሻ ነው» የሚለውንም «ውድ ማለት ለስም የሚከፈል ነው» የሚለውንም አልደገፈም። ለዚህ ነው ጉዳዩ ቢጻፍ ይጠቅማል ያልኩት። ባለጉዳዩ ስማቸው ሳይጠቀስ እንዲጻፍ ፈቅደዋል።

## ዳራ

ትራክተሩ 30 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ከኋላው ያለው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ምድብ 1 የሚባለው ነው። በዚህ ምድብ የላይኛው ፒን 19 ሚሊ ሜትር፣ የታችኞቹ ሁለት ፒኖች 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። በታችኞቹ መካከል ያለው ስፋት 683 ሚሊ ሜትር፣ ከታችኞቹ እስከ ላይኛው ያለው ከፍታ ደግሞ 460 ሚሊ ሜትር ነው። ልኮቹ ዓለም አቀፍ መስፈርት ናቸው። የአንዱ ፋብሪካ እርሻ መሣሪያ የሌላውን ትራክተር የሚገጥመው በእነሱ ምክንያት ስለ ሆነ፣ በቤቱ የሚሠራ ሰውም ከእነሱ የማፈንገጥ ነፃነት የለውም።

መሬቱ ለዓመታት በአንድ ዓይነት ጥልቀት ሲታረስ ከማረሻው በታች የጠጠረ ንጣፍ ፈጥሯል። ሪፐሩ የታሰበው ይህን ንጣፍ ሰንጥቆ ውሃና ሥር ወደ ታች እንዲያልፍ ለማድረግ ነው። ንድፉ ቀላል ነው። ዋናው ተሸካሚ 80 በ80 የሆነና 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ)፣ እግሮቹ ከ20 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተቆረጡ፣ አፈሩን የሚወጉት ምላሶች ደግሞ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ (ከሥሩ ካለው ዝርግ ስፕሪንግ) የተወሰዱ ናቸው።

መሣሪያዎቹ በአንድ ጊዜ የተገዙ ናቸው፦ ፊቱ ላይ 200 (አምፔር) የሚል የተጻፈበት ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን፣ ባለ 125 ሚሊ ሜትር ግራይንደር፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ወርቃማ ቅብ ያላቸው ፑንታዎች (የመብሻ ጫፎች) የሞሉበት ሣጥን፣ ቀዳዳ ውስጥ የቡሎን ጥርስ የሚቀርጹ ማውጫዎች ስብስብ፣ ዲጂታል ካሊፐር (የውፍረትና የስፋት መለኪያ)፣ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ)፣ ማጥበቂያ ክላምፖች እና ክሪክ። መምህሩ ከተበሳጩ በኋላ ደግሞ በባትሪ የሚሠሩ ሁለት ውድ መሣሪያዎች፣ ግራይንደርና መሰርሰሪያ፣ ጨምረው ገዝተዋል።

## ችግሩ

ምላሶቹ በእግሮቹ ላይ ከተበየዱ በኋላ ከብየዳው ጎን ቀጭን ስንጥቅ ወጣ። በሌሎች መጋጠሚያዎች ላይ ብየዳው ሲሞረድ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። የታችኞቹ ፒኖች ቀዳዳዎች ሞላላ ሆኑ፤ በአንድ በኩል 22፣ በሌላው ከ24 ሚሊ ሜትር በላይ ይለኩ ነበር። ፑንታዎቹ እየነደዱ ጫፋቸው ሰማያዊ ሆኗል። ኤም 12 (ለ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን የሚሆን) ጥርስ ማውጫ ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። በመጨረሻም የማያያዣው ክፍል ተበይዶ ሲያልቅ ከመጣመሙ የተነሣ አንደኛው ፒን አልገባ አለ።

መምህሩ ጥፋቱን በሙሉ ለርካሽ ዕቃ ሰጡ። አብሯቸው የሚሠራው የወንድማቸው ልጅ በበኩሉ ችግሩ የልምድ ማነስ ነው ባይ ነበር። ሁለቱም በከፊል ልክ ነበሩ፤ ሁለቱም ግን የትኛው ጉድለት ከየትኛው መሣሪያ እንደመጣ ለይተው አላዩም።

## ከሁሉ በፊት የተነሣው አደጋ

ፈተናውን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ማስቆም ግድ ሆነ። ወፍራሙን ላሜራ ለመቁረጥ ሲሉ የትንሹን ግራይንደር መከላከያ አውልቀው 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ገጥመውበት ነበር። ይህ በብዙ የቤት ወርክሾፖች የሚታይ ልማድ ነው፤ ለምን እንደሚገድል ግን ብዙ ሰው አያሰላውም።

የተለመዱት መቁረጫ ዲስኮች የሚፈቀድላቸው ከፍተኛ የጠርዝ ፍጥነት በሴኮንድ 80 ሜትር ነው። ለ125 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይህ በደቂቃ 12,200 ዙር ገደማ ይሆናል። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ስለሚዞር ከራሱ ዲስክ ጋር ችግር የለበትም። 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ሲገጠምበት ግን የጠርዙ ፍጥነት በሴኮንድ ከ103 ሜትር ያልፋል። ዲስኩ ቢፈነዳ ስብርባሪውን የሚይዝ መከላከያም የለም። ግራይንደሩ ርካሽ ይሁን ውድ እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም።

መከላከያው ተመለሰ። ከፍተኛ ፍጥነትና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ያልተጻፈባቸው ዲስኮች ሁሉ ተጣሉ፤ የዲስኩ ማጣበቂያ በዕድሜና በእርጥበት ስለሚደክም ቀኑ ለጌጥ የሚጻፍ አይደለም። እግሮቹ ደግሞ ወፍራም ላሜራ በጋዝ ወደሚቆርጥ ወርክሾፕ ተልከው በልካቸው ተቆርጠው መጡ።

## የብየዳው ፈተና

መምህሩ በዝርዝራቸው አናት ላይ ያስቀመጡት ውድ የብየዳ ማሽን ስለ ነበር ብዙ ጊዜ የሰጠነው ለዚህ ነው። ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለት ቁራጭ ላሜራ ቀጥ ባለ ማዕዘን አቁሞ በአንድ ወገን ብቻ መበየድ፣ ሲቀዘቅዝ ሥሩ እንዲከፈት አድርጎ በመዶሻ መስበር፣ የተሰበረውን ፊት ማየት ነው። ከላይ ያማረ ብየዳ ውስጡ ምን እንደሆነ በዚህ ይታወቃል።

መጀመሪያ በነበረው ሁኔታ ሞከርን። የተሰበረው ፊት ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ታየ፤ ሥሩም ከታችኛው ብረት ጋር አልቀለጠም። ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች ስለ ነበሩ ምክንያታቸውን ለየብቻ ፈለግን፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ቢለወጥ የትኛው እንዳዳነ አይታወቅም።

ማሽኑ የሚሠራው በ50 ሜትር የኤክስቴንሽን ገመድ ነበር፤ የገመዱ የመዳብ ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የዚህ ገመድ የመሄጃና የመመለሻ ተቃውሞ ተደምሮ 1.2 ኦም ገደማ ይሆናል። ማሽኑ 20 አምፔር ሲስብ 23 ቮልት ያህል ገመዱ ላይ ይቀራል፤ በ220 ቮልት መስመር ላይ ይህ ከአንድ አሥረኛ በላይ ነው። ገመዱ እንደተጠቀለለ ይሠራበት ስለነበር ይግልም ነበር። በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ሲተካ የሥሩ አለመቅለጥ ጠፋ። ቀዳዳዎቹ ግን አልጠፉም።

የቀዳዳዎቹ ምንጭ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም እየቀለጠ መጋጠሚያውን የሚሞላው ሽፋን ያለው የብየዳ ዘንግ፣ ነበር። 7018 የሚባለው ዓይነት ነው፤ በዘርፉ የሚመሰገንና ለከባድ ሥራ የሚመረጥ። ሃይድሮጂን እንዳይበዛበት ተብሎ የተሠራው ሽፋኑ ግን ጥቅሉ ከተከፈተ በኋላ ከአየር እርጥበት ይስባል። የመምህሩ ጥቅል ተከፍቶ ሲሚንቶ ወለል ላይ ወራት ተቀምጧል። እንዲህ ያለውን ኤሌክትሮድ መልሶ ማድረቅ ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ሙቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለ ሆነ የቤት ምድጃ አይበቃውም። አዲስ ትንሽ ጥቅል ተገዝቶ ሲሞከር ቀዳዳዎቹ ጠፉ። ቀሪው አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ተቀመጠ። ቀላል ለሆኑት መጋጠሚያዎች ደግሞ እርጥበትን በተሻለ የሚታገሠውን፣ 6013 የተባለውን ሌላ ዓይነት ኤሌክትሮድ መጠቀም ጀመሩ።

ለማነጻጸር ስመ ጥር ማሽን ተውሰን በዚያው ገመድና በዚያው ኤሌክትሮድ ሞከርን። ሲሰበር ሁለቱ ናሙናዎች አይለዩም። ልዩነቱ በአያያዝ ነበር፤ ውዱ ማሽን ኤሌክትሮዱ ሲነካ ወዲያው ይለኮሳል፣ ብረት ላይ የመጣበቅ ጠባዩም ያነሰ ነው። ሌላው ልዩነት ማሽኑ ሳያርፍ የሚሠራበት ጊዜ ነው። የርካሹ ማሽን ሰሌዳ በ200 አምፔር 25 በመቶ ይላል፤ ይህም ከ10 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ማለት ነው። መምህሩ በ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ የሚሠሩት በ120 አምፔር ገደማ ነው። ኤሌክትሮድ ሲቀይሩና የብየዳ ቅርፊት ሲመቱ ማሽኑ ያርፋል። ቀኑን ሙሉ ለሚበይድ ሰው ውዱ ይገባዋል። ለእሳቸው ግን ወፍራሙ ገመድ በቂ ነበር።

## ስንጥቁ

የምላሶቹ ስንጥቅ በገመድም በኤሌክትሮድም አልተፈታም፤ በተውሶው ማሽንም ቢሆን ሰነጠቀ። ይህ የጉዳዩ ዋና ትምህርት ይመስለኛል፤ ጥፋተኛው ከመሣሪያው ሣጥን ውስጥ አልነበረምና።

የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ከፍ ያለና በፋብሪካ በሙቀት ታክሞ የጠነከረ ነው። በብየዳ ሲግል በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን በፍጥነት ይስበዋል። ከብየዳው ጎን ያለው ጠባብ መስመር በዚህ ድንገተኛ ቅዝቃዜ እጅግ ጠንካራ፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ከእርጥበት የሚመጣ ሃይድሮጂን ከተጨመረበት ስንጥቁ ሥራው ካለቀ ከሰዓታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ቀድሞ ማሞቅና ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ይረዳል፤ ግን ሙቀቱን ለመቆጣጠር ልምድ ይፈልጋል፤ የብረቱንም ጥንካሬ ሊቀንሰው ይችላል።

የተመረጠው መንገድ ባሌስትራውን ጨርሶ አለመበየድ ነው። ባሌስትራው መካከል ላይ ከፋብሪካ የተበሳ ቀዳዳ አለው። ምላሶቹ ቀዳዳው እንዲገኝባቸው ሆነው ተቆረጡና በቡሎንና በዳዶ እግሩ ላይ ታሰሩ፤ እንዳይዞሩም ከኋላቸው ትንሽ ማረፊያ በእግሩ ላይ ተበየደ። የእግሩ ብረት ካርቦኑ አነስተኛ ስለ ሆነ ያለ ችግር ይበየዳል። ምላሱ ሲያልቅ በመፍቻ ይቀየራል፤ ከመጀመሪያው ንድፍ ይህኛው ይሻላል።

## ቀዳዳዎቹ

እዚህ ላይ ርካሹ ዕቃ በእርግጥ ጥፋተኛ ነበር፤ ብቻውን ግን አይደለም። ለተራ ብረት በደቂቃ 25 ሜትር የመቁረጫ ፍጥነት ቢወሰድ 22 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ ከ360 ዙር በላይ መዞር የለበትም። የመምህሩ የእጅ መሰርሰሪያ እስከ 2,800 ዙር ይሄዳል፤ ፍጥነቱ በጣት ሲቀነስ ደግሞ ጉልበት ያጣል። የገዙት ውድ የባትሪ መሰርሰሪያ ጉልበት ነበረው፤ ግን በእጅ የተያዘ ትልቅ ፑንታ ሲይዘው ይወራጫል፣ የእጅ አንጓም ያጣምማል። ቀዳዳውን ሞላላ ያደረገው ይኸው መወራጨት ነው።

መፍትሔው ሁለተኛ እጅ የሆነ ከባድ ቋሚ መሰርሰሪያ ነበር። ያረጀ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ቀበቶው ሲቀየር እስከ 250 ዙር የሚወርድ ማሽን ነው። በርካሽና በውድ መካከል ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ብዙ ሰው ይረሳል። በርካሽ የሚሸጡት አዳዲስ ትንንሽ ቋሚ መሰርሰሪያዎች ዝቅተኛ ፍጥነታቸው ለ22 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ይበዛል።

ፑንታዎቹን በተመለከተ ወርቃማው ቅብ ስለ ውስጡ ብረት የሚናገረው ነገር የለም። ከሣጥኑ ውስጥ ለሥራው የሚያስፈልጉት መጠኖች ጥቂት ስለ ነበሩ እነሱ ብቻ በጥሩ ፑንታ ተተኩ። መጀመሪያ በ8 ሚሊ ሜትር መሪ ቀዳዳ፣ ቀጥሎ በመካከለኛ፣ በመጨረሻ በ22፣ በመቁረጫ ዘይት እየታገዘ ተሠራ። የቀሩት ርካሽ ፑንታዎች ለእንጨትና ለስስ ላሜራ እያገለገሉ ነው።

የጥርስ ማውጫው ነገር አጭር ነው። ለኤም 12 የሚበሳው ቀዳዳ 10.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን እነሱ የበሱት በ10 ነበር፤ ማውጫውም ደካማ ብረት ነበር። ሁለቱ ተደምረው ሰበሩት። የተሰበረ ማውጫ በተራ ፑንታ ስለማይበሳ ቦታው ተትቶ በሌላ በኩል ቀዳዳው ዘልቆ እንዲወጣ ተደርጎ በቡሎንና በዳዶ ታሰረ።

## መለኪያና መያዣ

ዲጂታል ካሊፐሩን 6205 የሚል ቁጥር ባለው አዲስ ኩሽኔታ (የዘንግ ማሽከርከሪያ ቀለበት) ፈተንነው። የዚህ ኩሽኔታ ውስጣዊ ስፋት 25፣ ውጫዊው 52 ሚሊ ሜትር መሆኑ የታወቀ ነው፤ በትክክለኛነትም በቤት ከሚገኙ ዕቃዎች ሁሉ ይበልጣል። ካሊፐሩ 52.02 አነበበ፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ስኳድራው ግን ፈተናውን ወደቀ። ፈተናው ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ አስደግፎ መስመር ማስመር፣ ገልብጦ እዚያው ቦታ ላይ ዳግም ማስመር ነው፤ ሁለቱ መስመሮች ካልተገናኙ የሚታየው ልዩነት የስህተቱ እጥፍ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃው ታማኝ፣ ሁለት ብረት ብቻ የሆነው ስኳድራ ውሸታም ሆኖ መገኘቱ መምህሩን አስቋቸዋል።

የማያያዣው መጣመም ከክላምፕ ጥራት አልመጣም። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ብረቱንም ወደ ተበየደበት ወገን ይስባል። ሲሠራ በሁለቱ የታችኛ ቀዳዳዎች ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ 22 ሚሊ ሜትር ዘንግ አሳልፈን፣ በነጥብ ብየዳ ካያያዝን በኋላ ሰያፍ ልኮቹን አነጻጽረን፣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እየተፈራረቅን በየደን። ዘንጉ ሥራው ሲያልቅ በእጅ ተስቦ ወጣ። ርካሾቹ ክላምፖች ቢተጣጠፉም ብዛታቸው ጠቀመን፤ ከሁለት ምርጥ ክላምፕ ስድስት ተራ ክላምፕ የሚበልጥበት ሥራ ነው።

## ያልሠራው

ውዱ የባትሪ ግራይንደር ለወርክሾፕ ሥራ አልሆነም። ብየዳ መሞረድ ሳያቋርጥ ኃይል ስለሚበላ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ትራክተሩ ሜዳ ላይ ሲቆም ግን የተዛባ ፒን ለመቁረጥ ከእሱ የተሻለ የለም፤ አሁን መኖሪያው የትራክተሩ ሣጥን ነው።

ርካሹ ራሱን የሚያጠቁር የብየዳ መከላከያ አንዳንዴ ዘግይቶ ይጠቁር ስለነበር ተወገደ። የተተካው ይበልጥ ርካሽ በሆነ፣ 10 ቁጥር ቋሚ ጥቁር መስተዋት ባለው ተራ መከላከያ ነው። ባትሪም ሴንሰርም ስለሌለው የሚበላሽ ነገር የለውም። ርካሹ ግራይንደር ደግሞ ካርቦኑ (ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው የሞተር ክፍል የሚያስተላልፈው ቁራጭ) አንድ ጊዜ ተቀይሮለት ቆይቶ፣ በኋላ ጥርሶቹ አልቀው ሞተ። ሪፐሩን ግን ጨርሶ ነው የሞተው።

## ሜዳ ላይ

እያንዳንዱ እግር በሁለት ቡሎን ተይዟል። የፊተኛው ወፍራምና እግሩ የሚዞርበት ነው፤ የኋለኛው እግሩ ድንጋይ ሲመታ ተቆርጦ ሌላውን እንዲያድን የታሰበ ነው። ለዚህኛው 4.6 የሚል ምልክት ያለው ተራ ቡሎን ተመረጠ። የመጀመሪያው ቁጥር በ100 ሲባዛ የመበጠሻውን ጥንካሬ በሜጋ ፓስካል ይሰጣል፤ 4.6 ማለት 400 ነው፣ 10.9 ደግሞ 1,000።

ቡሎኑ እንደታሰበው ሲቆረጥ የወንድማቸው ልጅ «ይህ ደካማ ነው» ብሎ በ10.9 ተካው። በሚቀጥለው ድንጋይ ላይ ቡሎኑ ሳይቆረጥ ቀረ፤ የተጣመመው እግሩን የያዘው ላሜራ ነበር። ላሜራው ተቀየረ፣ 4.6ቱም ተመለሰ።

## ለሌላ ሥራ የሚተላለፈው

ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሲበላሽ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ከዋጋው በፊት ይመጣል። ሰውን የሚጎዱት፣ ማለትም ዲስክ፣ ሰንሰለት፣ መንጠቆ፣ የዓይን መከላከያ፣ የሚችሉት ልክ የተጻፈባቸው መሆን አለባቸው። ክሪክ የቱንም ያህል ቢወደድ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ከሥሩ የሚገባ ሰው ሪፐሩን መሬት ላይ ያሳርፋል ወይም በጠንካራ ድጋፍ ላይ ያስቀምጣል።

ብረቱን በቀጥታ የሚነካው ክፍል ከማሽኑ ይልቅ ገንዘብ ይገባዋል። ተራ ማሽን ከጥሩ ፑንታና ከደረቅ ኤሌክትሮድ ጋር ይሠራል፤ ተቃራኒው አይሠራም። ትልልቅ ስብስብ መግዛት ብዙውን ጊዜ ለማይነካ መጠን መክፈል ነው።

«መጀመሪያ ርካሹን ግዛ፣ ሲያልቅ ውዱን ተካ» የሚለው የተለመደ ምክር ለግራይንደርና ለእጅ መሰርሰሪያ ይሠራል፤ ሲያልቁ ምን እንደጎደላቸው ይነግሩሃል። ለስኳድራ አይሠራም። እሱ አያልቅም፤ ሥራውን እያበላሸ ለዓመታት ይኖራል። ስለዚህ የመለኪያ መሣሪያ በገዛህበት ቀን ይፈተን።

በዓመት አንድ ጊዜ የሚያስፈልግ ነገር፣ እንደ ወፍራም ላሜራ መቁረጫ፣ አገልግሎቱ እንጂ መሣሪያው አይገዛም።

ከመምህሩ የግዢ ዝርዝር ውስጥ በመጨረሻ የተገዛው አንድ ውድ ግራይንደር ብቻ ነው፤ በሞተው ምትክ። የመረጡትም እጅ ሲለቀው የሚቆም ማብሪያ ስላለው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በራሱ ስለማይነሣ እና ካርቦኑ ያለ ባለሙያ ስለሚቀየር ነው። የብየዳ ማሽኑ ያው የድሮው ነው።